ጭንቅላቷ የት አለ? የሴቶች ምስል በስለላ ፊልም ፖስተሮች



ባለፈው ተርም ለቤተ መጻሕፍታችን በእርዳታ ከመጡት አሮጌ መጻሕፍት መካከል ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የፊልም መጽሐፍ ነበረ። የ8ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ከበው ሲያገላብጡት አንዲት ልጅ አንድ ገጽ ላይ ቆም አለችና «ቲቸር፣ የዚህች ሴትዮ ጭንቅላቷ የት አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ወንዶቹ ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም። እኔም ደወል ስለተደወለ አጥጋቢ መልስ ሳልሰጣት ቀረሁ። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልሴ ነው።

ሥዕሉ በ1981 የወጣው «ፎር ዮር አይስ ኦንሊ» የተባለው የጄምስ ቦንድ ፊልም ፖስተር ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጎልተው የሚታዩት ጀርባዋን የሰጠች የአንዲት ሴት ረጃጅም እግሮች ናቸው። ከወገቧ በላይ የለችም። በእጇ ባለ ቃታ ቀስት ይዛለች። በእግሮቿ መካከል ደግሞ ቦንድ ሽጉጡን ይዞ ቆሟል። ፖስተሩ በወቅቱ ብዙ አነጋግሯል፤ አንዳንድ የአሜሪካ ጋዜጦች እንዲያውም ማስታወቂያውን ሲያትሙ ሴትዮዋን በቀለም ቁምጣ አልብሰዋታል።

የሚገርመው ነገር ግን ሌላ ነው። ፊልሙ ውስጥ ያለችው ባለ ቀስቷ ሴት ሜሊና ትባላለች። እናትና አባቷ ተገድለውባት ደማቸውን ለመመለስ የተነሣች ልጅ ናት። ፖስተሩ ቀስቷንና እግሯን ወሰደ፤ ፊቷንና ምክንያቷን ተወ።

ለመሆኑ ይህ ነገር ከየት ጀመረ? ማታ ሐሪ የምትባል ትውልደ ሆላንድ ዳንሰኛ ለጀርመን ሰልላለች ተብላ በጥቅምት 1917 በፈረንሳይ ወታደሮች ተረሸነች። በ1931 ሆሊውድ ታሪኳን ፊልም አድርጎ ሲሠራ ገበያው የቆመው በዋናዋ ተዋናይት በግሬታ ጋርቦ ውበት ላይ ነበር። ሰላይ ሴት ማለት ቆንጆና አደገኛ ማለት ነው የሚለው ሐሳብ በሰው አእምሮ ተቀረጸ። ሐሳቡ ከሲኒማ ወጥቶ ወደ መንግሥት ፖስተርም ገብቷል። በ1942 እንግሊዝ ባወጣችው ፖስተር ላይ አንዲት የለበሰች ወይዘሮ ጋደም ብላለች፤ መኮንኖች ከበው ያወራሉ። መልእክቱ ባጭሩ ሴትዮዋ እንደምታስቧት ሞኝ አይደለችምና ምላሳችሁን ሰብስቡ የሚል ነው።

በዚያው ጦርነት እውነተኛዎቹ ሴት ሰላዮች ምን ይሠሩ ነበር? ኑር ኢናያት ኻንን እንውሰድ። አባቷ ሕንዳዊ፣ እናቷ አሜሪካዊት ነበሩ። በሰኔ 1943 እንግሊዞች ጀርመን ወደ ያዘችው ፈረንሳይ የሬዲዮ ኦፕሬተር አድርገው ላኳት። የሻንጣ ሬዲዮዋን ይዛ ከቤት ቤት እየተዘዋወረች መልእክት ታስተላልፍ ነበር። ጥቂት ወራት ሠርታ ተያዘች፤ በመስከረም 1944 ዳካው በተባለው የናዚ ካምፕ ተገደለች። ሥራዋ ትዕግሥት፣ የምስጢር ኮድና ጽናት የሚጠይቅ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ግን ፖስተር ላይ ለመሣል አይመችም።

በ1962 የመጀመሪያው የቦንድ ፊልም «ዶክተር ኖ» ወጣ። ፖስተሩን የሣለው ሚቸል ሁክስ ነው። ቦንድ ቆሟል፤ አጠገቡ አራት ሴቶች እንደ ሱቅ ዕቃ ተደርድረዋል። በ1964 «ጎልድፊንገር» ሲመጣ የአንዲት ሴት ገላ በወርቅ ቀለም ተቀብቶ የፊልሙ ምስሎች ላዩ ላይ ታዩ። ሴትዮዋ ራሷ ስክሪን ሆነች ማለት ነው። በ1967 ደግሞ ሮበርት ማክጊኒስ ቦንድን በጃፓን ሴቶች ተከቦ ገላውን ሲታጠብ ሣለው። ሁለቱም ሠዓሊዎች የኪስ ልብ ወለድ ሽፋን በመሣል የታወቁ ናቸው። መንገደኛ ወንድን በአንድ ዓይነት ሥዕል ማስቆም ሙያቸው ነበር። በዚያን ዘመን ቴሌቪዥን የሲኒማን ተመልካች እየወሰደ ስለነበር ኩባንያዎቹም የፈለጉት ይህንኑ ነው።

ለውጡ በአንድ ጀንበር አልመጣም። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሴቶች ንቅናቄ እንዲህ ያለውን ሥዕል በግልጽ ይተች ጀመር። በ1992 ስቴላ ሪሚንግተን የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ደኅንነት ድርጅት የመጀመሪያዋ ሴት ኃላፊ ሆነች። ሦስት ዓመት ቆይቶ በ1995 በወጣው «ጎልደን አይ» ውስጥ የቦንድ አለቃ ሴት ሆነች፤ ጁዲ ዴንች ተጫወተቻት። በ2010 «ሶልት» የተባለው ፊልም መጀመሪያ ለወንድ ተጽፎ የነበረ ቢሆንም ለአንጀሊና ጆሊ ተሰጠ፤ ፖስተሩን የሞላውም ፊቷ ነው። በ2021 በታየው «ኖ ታይም ቱ ዳይ» ውስጥ 007 የሚለውን ቁጥር ላሻና ሊንች የምትጫወታት ጥቁር ሴት ይዛዋለች፤ ለብቻዋም ፖስተር ተሠርቶላታል። በ2022 የወጣው «ዘ 355» ፖስተር ላይ አምስት ሴቶች ቆመዋል፤ አንዷ ኬንያ ያደገችው ሉፒታ ኒዮንጎ ናት።

ታዲያ ችግሩ አለቀ ማለት ነው? አይመስለኝም። ሽጉጥ ማስያዝ ብቻውን ሰው አያደርግም፤ ሜሊናም እኮ ቀስት ይዛለች። መጠየቅ ያለብን ፊቷ አለ ወይ፣ ለምን እንደቆመችስ ይታወቃል ወይ ብለን ነው።

መምህራን ይህንን እንደ ታሪክ ማስረጃ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። በቪዲዮ ቤቱ በር ላይ ያለውን ፖስተር ሳይቀር ተማሪዎቻችሁ በእነዚህ ጥያቄዎች ይመርምሩት፦

1. ማን ሠራው? ማን ከፈለ?
2. ለማን ዓይን ተብሎ ተሠራ?
3. ከታሪኩ ውስጥ ምን ተቆርጦ ቀረ?

ይህን ሁሉ ለዚያች ተማሪዬ ነገርኳት። ዝም ብላ አዳመጠችኝና «ቲቸር፣ እኛንም እኮ ፎቶ ሲያነሡን እንደዚያው ነው። የውኃ ጀሪካኑ ይታያል፤ ስማችን አይጻፍም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጭንቅላት ባይቆረጥም ስምና ምክንያት ሊቆረጥ ይችላል። በሚቀጥለው ሳምንት ክፍላችን የራሱን ፖስተር ይሠራል። እያንዳንዱ ተማሪ ራሱን ይሥላል፤ ከሥሩም ስሙንና ለምን እንደሚማር ይጽፋል።