መረጃን ወደ ማስረጃ፦ ፖሊስ በኬንያ የፀረ ሽብር ፖሊሲ ውስጥ ያለው ቦታ

በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ስለ ሽብርተኝነት ሲወራ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነሣው የጦር ሠራዊት ዘመቻ ነው። በሶማሊያ የተሰማራው የአፍሪካ ኅብረት ጦር፣ በድንበር አካባቢ የሚካሄደው ውጊያና ከአየር የሚፈጸመው ድብደባ የዜናውን ትልቅ ድርሻ ይይዛሉ። ጥቃቱ በገበያ ማዕከል፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ወይም በሆቴል ሲደርስ ግን ከማንም በፊት ስፍራው ላይ እንዲገኝ የሚጠበቀው ፖሊስ ነው። ተጠርጣሪን የሚይዘው፣ ምስክር የሚያነጋግረው፣ ዐቃቤ ሕግ ፍርድ ቤት ይዞት የሚቀርበውን መዝገብ የሚያዘጋጀውም እርሱ ነው።

በዚህ ምክንያት የሕግ አስከባሪ አካላትን ሚና ማጠናከር የሚለው ሐሳብ በቀጣናው መንግሥታት ፖሊሲዎች ውስጥ ደጋግሞ ይነሣል። ማጠናከር ሲባል ግን ተጨማሪ የማሰር ሥልጣን መስጠት ነው? ወይስ የመመርመር ብቃትን ማሳደግ? ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ከዚህ ጥያቄ ጋር የቆየችው ኬንያ ያሳለፈችው ልምድ ለመልሱ ብዙ ፍንጭ ይሰጣል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልዩ የፖሊስ ክፍሉ እንዴት ተቋቋመ?

ነሐሴ 7 ቀን 1998 አልቃይዳ በናይሮቢና በዳሬሰላም በሚገኙት የአሜሪካ ኤምባሲዎች ላይ ባደረሰው የቦምብ ጥቃት 224 ሰዎች ተገደሉ። ከእነዚህ መካከል 213ቱ የሞቱት ናይሮቢ ውስጥ ሲሆን አብዛኞቹ ኬንያውያን ነበሩ። ከአራት ዓመታት በኋላ፣ በኅዳር 2002፣ ከሞምባሳ ወጣ ብላ በምትገኘው ኪካምባላ በአንድ ሆቴል ላይ በተፈጸመ ጥቃት 13 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ቀን በአንድ የእስራኤል የመንገደኞች አውሮፕላን ላይ የተተኮሱት ሚሳይሎች ዒላማቸውን ሳቱ።

እነዚህ ጥቃቶች ካደረሱት ድንጋጤ በኋላ፣ በ2003፣ የኬንያ የፀረ ሽብር ፖሊስ ክፍል ተቋቋመ። ክፍሉ የሚገኘው በወንጀል ምርመራ ዳይሬክቶሬት ሥር ነው። ይህ የአደረጃጀት ምርጫ ትርጉም አለው፤ ሽብርተኝነት በጦር ሜዳ ብቻ የሚመከት ጠላት ሳይሆን፣ ተመርምሮ ለፍርድ የሚቀርብ ወንጀል መሆኑን ያመለክታል።

ሕጉ ግን ከተቋሙ ዘግይቶ ነው የመጣው። በ2003 የቀረበው የመጀመሪያው ረቂቅ የፀረ ሽብር ሕግ ከሰብዓዊ መብት ተሟጋቾችና ከሙስሊሙ ማኅበረሰብ መሪዎች ብርቱ ተቃውሞ ስለገጠመው ተግባራዊ ሳይሆን ቀረ። ኬንያ ራሱን የቻለ የሽብርተኝነት መከላከያ ሕግ ያገኘችው በ2012 ነው።

ሕጉ ምን ይፈቅዳል?

የ2010ሩ የኬንያ ሕገ መንግሥት የአገሪቱ የደኅንነት አካላት ሦስት መሆናቸውን ይደነግጋል፤ እነርሱም የመከላከያ ሠራዊት፣ ብሔራዊ የስለላ አገልግሎትና ብሔራዊ የፖሊስ አገልግሎት ናቸው። የተያዘ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። የ2012ቱ ሕግ ለሽብር ምርመራ ረዘም ያለ ጊዜ ቢፈቅድም፣ ቀኑን የሚቆርጠው ፖሊስ ሳይሆን ፍርድ ቤት ነው። ተጠርጣሪው ክስ ሳይመሠረትበት በምርመራ ላይ የሚቆይበት ጊዜም በአጠቃላይ ከ90 ቀናት እንዳይበልጥ ተገድቧል።

በታኅሣሥ 2014 መንግሥት የጸጥታ ሕጎችን የሚያሻሽል ሌላ ሕግ አወጣ። ሕጉ የጸደቀው በፓርላማው አዳራሽ ውስጥ እንደራሴዎች ከተናነቁ በኋላ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በየካቲት 2015፣ የናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስምንት አንቀጾችን ሕገ መንግሥቱን ይጻረራሉ በማለት ሻረ። በአገሪቱ የሚኖሩ ስደተኞች ቁጥር ከ150 ሺሕ እንዳይበልጥ የሚያዘው ድንጋጌና የመገናኛ ብዙኃንን የሚገድቡ አንቀጾች ከተሻሩት መካከል ናቸው። ብሔራዊ የፀረ ሽብር ማዕከልን በሕግ ያቋቋመው ክፍል ግን ጸንቷል። ማዕከሉ የፖሊስን፣ የስለላ አገልግሎቱንና የሌሎችን ተቋማት ሥራ ያስተባብራል።

ከዌስትጌት እስከ ዱሲት፦ የሚያዘው ማን ነው?

መስከረም 21 ቀን 2013 አራት የአል-ሸባብ ታጣቂዎች ናይሮቢ የሚገኘውን የዌስትጌት የገበያ ማዕከል ወረሩ። 67 ሰዎች ሞቱ፤ ከበባውም አራት ቀናት ወሰደ። ቀድሞ ሕንፃው ውስጥ የገባው ልዩ የፖሊስ ኃይል ዘግይቶ ከደረሰው ጦር ጋር የጋራ ዕዝ አልነበረውም። በመካከላቸው በተከፈተ ተኩስ አንድ የፖሊስ አዛዥ መገደሉ በወቅቱ በስፋት ተዘግቧል። የደኅንነት ካሜራዎች ወታደሮች ዕቃ ሲያወጡ በመቅረጻቸውም ሁለት ወታደሮች ተባርረው ታሰሩ።

ሚያዝያ 2 ቀን 2015 በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ 148 ሰዎች ተገደሉ፤ 142ቱ ተማሪዎች ነበሩ። ጥቃቱ የጀመረው ገና ጎሕ ሳይቀድ ሲሆን፣ ከናይሮቢ የተላከው ልዩ የፖሊስ ቡድን የደረሰው ከበርካታ ሰዓታት በኋላ ነው። መዘግየቱ በወላጆችና በመገናኛ ብዙኃን ዘንድ እስካሁን የሚነሣ ብርቱ ወቀሳ አስከትሏል።

ጥር 15 ቀን 2019 በናይሮቢው የዱሲት ሆቴልና የቢሮ ሕንፃዎች ላይ ጥቃት ሲደርስ ምላሹ የተለየ ነበር። በፖሊስ የሚመራው ኃይል ፈጥኖ ገባ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም በሕይወት ወጡ። 21 ሰዎች ከመሞት ባይድኑም፣ ጥቃቱ በቀናት ሳይሆን አንድ ቀን ሳይሞላ አበቃ። ልዩነቱን የፈጠረው የመሣሪያ ብዛት ብቻ አልነበረም፤ በስፍራው ማን እንደሚያዝ አስቀድሞ መታወቁም ጭምር ነው።

መረጃና ማስረጃ

በአማርኛ “መረጃ” እና “ማስረጃ” የሚሉት ቃላት ተቀራራቢ ቢሆኑም፣ በፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ይለያያሉ። የስለላ ሠራተኛ ያገኘው ጥቆማ መረጃ ነው፤ ጥቃትን ለማክሸፍ ይበቃ ይሆናል። ሰውን ጥፋተኛ ለማለት ግን ምንጩ የሚታወቅ፣ በሕጋዊ መንገድ የተሰበሰበ፣ ተከሳሹ ሊሞግተው የሚችል ማስረጃ ያስፈልጋል። ፖሊስ በፀረ ሽብር ፖሊሲ ውስጥ ሌላ ተቋም ሊተካው የማይችል ሚና ያለው በዚህ ድልድይ ላይ ነው።

የኬንያ ፍርድ ቤቶች ውሳኔዎች ይህን ያሳያሉ። በጋሪሳው ጥቃት በ2019 ሦስት ሰዎች ጥፋተኛ ተብለው አንዱ የዕድሜ ልክ፣ ሁለቱ እያንዳንዳቸው የ41 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። የዌስትጌቱ ክስ ሰባት ዓመት ወስዶ፣ በ2020 ሁለት ተከሳሾች የ33 እና የ18 ዓመት እስራት ሲበየንባቸው ሌላው ነፃ ወጣ። ተከሳሾቹን ከጥቃት ፈጻሚዎቹ ጋር ካገናኙት ማስረጃዎች መካከል የስልክ ግንኙነት መዝገብ ይገኝበታል። በዱሲቱ ጥቃትም በ2025 ሁለት ሰዎች ለጥቃቱ ድጋፍ በመስጠት ጥፋተኛ ተብለው እያንዳንዳቸው 30 ዓመት ተፈርዶባቸዋል። በሦስቱም ጉዳዮች ተኩስ የከፈቱት ታጣቂዎች በስፍራው በመሞታቸው፣ የምርመራው ክብደት ያረፈው ከበስተጀርባ የነበሩትን በማግኘት ላይ ነው።

የዩናይትድ ስቴትስ የፌዴራል የምርመራ ቢሮ በ2020 ከአሜሪካ ውጭ የመጀመሪያ የሆነውን የጋራ የፀረ ሽብር ግብረ ኃይል ከኬንያ መርማሪዎች ጋር ማደራጀቱም የዚሁ አቅጣጫ አካል ነው። በካሚቲ እስር ቤት አጠገብ ለሽብርና ለተደራጁ ወንጀሎች የተከፈተው የካሃዋ ፍርድ ቤትም እንዲሁ።

እምነት ሲጠፋ

ማስረጃ የሚሰበሰበው ከሕዝብ ነው። ምስክር የሚሆነው ጎረቤት፣ የተከራየውን ሰው ሁኔታ የሚጠራጠረው ባለቤት፣ የልጇ ጠባይ መለወጥ ያሳሰባት እናት ወደ ፖሊስ ጣቢያ ካልሄዱ፣ የትኛውም መሣሪያ ክፍተቱን አይሞላም።

በሚያዝያ 2014 “ኡሳላማ ዎች” በተባለው ዘመቻ የጸጥታ ኃይሎች በብዛት የሶማሌ ተወላጆች፣ እንዲሁም ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በሚኖሩበት የናይሮቢው ኢስሊ ሰፈር ቤት ለቤት ፍተሻ አካሄዱ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታሰሩ፤ ብዙዎቹ በካሳራኒ ስታዲየም ተይዘው ቆዩ። ፖሊስን የሚቆጣጠረው ነፃ ባለሥልጣን ዘመቻውን መርምሮ ሕግ መጣሱን በሪፖርቱ አመለከተ። ሰዎች ከ24 ሰዓት በላይ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ቆይተዋል፤ ጉቦ የመጠየቅ አቤቱታም ቀርቧል።

ከዚህ የከፋው በሕግ ሥር የነበሩ ሰዎች ዕጣ ነው። አል-ሸባብን ይደግፋሉ የተባሉት የሞምባሳ ሰባኪዎች አቡድ ሮጎ በ2012፣ አቡበከር ሸሪፍ ደግሞ በ2014 የፍርድ ቤት ክሳቸው እልባት ሳያገኝ ባልታወቁ ሰዎች በጥይት ተገድለዋል። የሮጎ ግድያ በሞምባሳ ሁከት ቀስቅሷል። በዌስትጌቱ ክስ በጥቅምት 2020 በነፃ የተለቀቀ አንድ ተከሳሽም ወዲያውኑ በታጠቁ ሰዎች ተወስዶ የደረሰበት አልታወቀም። የመብት ተሟጋቾች በእነዚህና በመሰል ድርጊቶች የጸጥታ ኃይሎችን ይከስሳሉ፤ ፖሊስ ግን ያስተባብላል። ዳኛ ነፃ ያለው ሰው ከፍርድ ቤት ደጃፍ ሲሰወር፣ በማስረጃ ላይ የተመሠረተው ሥርዓት ሁሉ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ለቀጣይ ምስክር ዋስትና የሚሆነውም ያ ሥርዓት ነው።

ለጎረቤት አገራት ምን ይነግራል?

መረጃንና ማስረጃን አንድ አድርጎ የማየት አደጋ በኢትዮጵያም ታይቷል። አዋጅ ቁጥር 652/2001 ምንጩና የተገኘበት ዘዴ ያልተገለጸ የስለላ ሪፖርት እንኳ በፍርድ ቤት በማስረጃነት እንዲቀርብ ይፈቅድ ነበር። ጋዜጠኞችና ፖለቲከኞች የተከሰሱበት ይህ አዋጅ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ተተክቷል። አዲሱ አዋጅ በመግቢያው የቀድሞው ሕግ ክፍተቶች በዜጎች መብትና ነፃነት ላይ አሉታዊ ውጤት ማስከተላቸውን ይገልጻል።

በኡጋንዳ በሐምሌ 2010 በካምፓላ ከ70 በላይ ሰዎች በተገደሉበት የቦምብ ጥቃት የቀረበው ክስ በ2016 ውሳኔ ሲያገኝ፣ ከተፈረደባቸው ሌላ አምስት ሰዎች በነፃ ተሰናበቱ፤ ነገር ግን ወዲያውኑ ተመልሰው ተያዙ።

በቀጣናው አል-ሸባብ ድንበር እየተሻገረ እስከቀጠለ ድረስ የፖሊስ ተባባሪነት በአገር ውስጥ አይወሰንም። በናይሮቢ የተያዘ ስልክ በሞቃዲሾ ወይም በአዲስ አበባ ፍርድ ቤት ተቀባይነት እንዲኖረው፣ ማስረጃው ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ በሕግ የተያዘ መሆን አለበት። ስለዚህ የሕግ አስከባሪዎች መጠናከር የሚለካው በታሰሩት ሰዎች ብዛት አይደለም። ዐቃቤ ሕግ ሳያፍር በሚያቀርበው መዝገብ፣ ሳይፈራ በሚመሰክር ነዋሪ፣ ፖሊስም የዳኛውን ውሳኔ፣ ነፃ መልቀቅን ጨምሮ፣ አክብሮ በመቀበሉ ነው።