የአንድ ቀን መንገድ፤ ሕፃን፣ ሙዚየምና የጨርጨር ከተሞች

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው ሁሉ፣ ስለ ሕፃናት ሽርሽርና ስለ ሙዚየም የሚነሣ ውይይት ከአንድ ቀላል ጥያቄ መጀመር ይገባዋል። ይኸውም አንድ የአምስት ወይም የስድስት ዓመት ሕፃን ጧት ከቤቱ ወጥቶ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ምን አይቶ ሊመለስ ይችላል የሚለው ነው። ዐዋቂ ሰው አንድ ቅርስ ለማየት ሲል ሁለት ቀን ይጓዛል፤ በእንግዳ ማረፊያ ያድራል፤ ያየውንም በማስታወሻው ይጽፋል። ለሕፃን ግን የጉዞው ልክ ፀሐይ ናት። ሲነጋ ይነሣል፤ ሲመሽ ከእናቱ ጉያ መገኘት አለበት። ከዚህ የተነሣ በአንድ አገር ውስጥ ያሉት ሙዚየሞች ቁጥር ብቻውን ስለ ሕፃኑ ዕድል አይናገርም። የሚናገረው ሙዚየሞቹ ከሕፃኑ ደጃፍ ያላቸው ርቀት ነው።

የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች፣ ማለትም ጭሮ (የቀድሞው አሰበ ተፈሪ)፣ ሚኤሶ፣ አሰቦት፣ ሂርና፣ በዴሳ፣ ገለምሶና ሌሎቹም፣ በዚህ ልክ ሲመዘኑ ታሪካቸው ልዩ መልክ ይዞ ይታያል። አገሩ ለመታየት የሚገባ ነገር አጥቶ አያውቅም። ሆኖም ለመታየት የሚገባው ነገር አንዳንዱ ወደ ሩቅ ሄዷል፤ አንዳንዱም በቦታው ሳለ እየጠፋ መጥቷል።

ከባቡር በፊት

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሐረር ወደ ሸዋ የሚሻገር ነጋዴ ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው በአሰቦት በረሃ በኩል የሚያልፈው የቆላ መንገድ ሲሆን፣ ሁለተኛው በጨርጨር ተራሮች ላይ ውሃና ጥላ እያገኙ የሚሄዱበት የደጋ መንገድ ነበር። ጨርጨር የኢቱ ኦሮሞ አገር ነው። የኢቱ የገዳ ሸንጎ ይቀመጥበት የነበረው ኦዳ ቡልቱምም የሚገኘው በዚሁ ምድር ነው። ዛሬ በጭሮ ከተማ ያለው ዩኒቨርሲቲ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሥፍራ ነው።

በዚያ ዘመን «ሽርሽር» የሚባል ነገር ለብቻው ተለይቶ አይታወቅም። ሕፃኑ ዓለምን የሚያየው ወደ ገበያ፣ ወደ ለቅሶ ወይም ወደ ሠርግ የሚሄዱ ወላጆቹን ተከትሎ ነው። ማታ ደግሞ በእሳት ዳር ሂቦ፣ ማለትም እንቆቅልሽ፣ ይጠየቃል። ቀን ያየው ከብት፣ ዛፍና ዕቃ ማታ በእንቆቅልሹ ውስጥ ተሸሽጎ ይመጣለታል። ይህ አሠራር አንድ ቁም ነገር ያስተምራል፤ ሕፃን ያየውን ነገር የራሱ የሚያደርገው በዚያው ቀን ስለ እርሱ ሲጠየቅና ሲመልስ ነው።

የተክለ ሐዋርያት ከተማ

የአሰበ ተፈሪ ከተማ ታሪክ ከፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ስም ጋር የተያያዘ ነው። ፊታውራሪ በሩሲያ አገር የመድፈኝነት ትምህርት የተማሩ፣ ኋላም የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። በ1910ዎቹ ዓ.ም. የጨርጨር ገዥ ሆነው በተሾሙ ጊዜ፣ አውራጃው በአስተዳደር ለሌላው አርአያ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ከተማውም በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ስም ተጠራ።

ለዚህ ጽሑፍ ግን ከሹመታቸው ይልቅ ድርሰታቸው ይጠቅማል። በአማርኛ የተጻፈው የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜድያ» የእርሳቸው ሥራ ነው። ተውኔቱ የፈረንሳዊውን የላ ፎንቴንን ተረቶች መሠረት አድርጎ አውሬዎችን እንደ ሰው እያናገረ የዘመኑን አስተዳደር የሚነቅፍ ነበርና፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል። በተረት ለማስተማር የሞከረ ሰው በከተማም ለማስተማር ሞክሯል ቢባል ከእውነት አይርቅም። ሁለቱም ሥራዎች ተመልካች ይፈልጋሉ፤ ነገሩን በዓይኑ ያየ ሰው ትምህርቱን ይቀበላል ብለው ያምናሉ። ሆኖም የአውሬዎቹ ተረት ለሕፃን የቀረበ ቢሆንም ተመልካቾቹ መኳንንት ነበሩ፤ የከተማውም አርአያነት የታሰበው ለሹማምንት ነበር።

የሚኤሶ ጣቢያ

ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። ሐዲዱ የጨርጨርን ዳገት መውጣት ስለማይችል ግርጌ ግርጌውን በቆላው በኩል አለፈ። በዚህም ምክንያት ከጥንቱ ሁለት መንገዶች የበረሃው አሸነፈ። ሚኤሶና አሰቦት የባቡር ጣቢያ ሆኑ፤ የደጋው ከተማ አሰበ ተፈሪ ግን ባቡሩን ለማግኘት ወደ ቆላ የሚወርድ ሆነ። ቁልቁለቱ ለመኪና ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

ሚኤሶ ለአካባቢው ሕፃን ምን ማለት እንደነበረች ለመረዳት ሐዲድን በአዲስ ዓይን ማየት ያስፈልጋል። ፉርጎ፣ የውሃ ማጠራቀሚያ፣ ባንዲራ የያዘ ጣቢያ ጠባቂ፣ ከሩቅ የሚሰማ ፉጨት፣ ከጅቡቲ የመጣ ጨውና ጨርቅ፣ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ የጨርጨር ቡና፣ ይህ ሁሉ በአንድ ሥፍራ ላይ ይታይ ነበር። መግቢያ ክፍያ የለውም፤ መስታወት አልተጋረደበትም፤ ዕቃው ይንቀሳቀሳል። ከደጋ የወረደ ሕፃንም አይቶት ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አገሩ ለሕፃን የሰጠው የመጀመሪያው የተሟላ የአንድ ቀን ጉዞ ይህ ነበር ለማለት ያስደፍራል።

ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው አሮጌ መሥመር ግን በ2000 ዓ.ም. አካባቢ አገልግሎቱን አቆመ። በምትኩ የተሠራውና ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው በኤሌክትሪክ የሚሄደው የባቡር መሥመር በመስከረም ወር 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፣ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀምሯል። እርሱም በሚኤሶ በኩል ያልፋል። አያት የሚያስታውሰው ባቡርና የልጅ ልጅ የሚያየው ባቡር በአንድ ወረዳ ውስጥ ጎን ለጎን መገኘታቸው በራሱ ትምህርት ነው። የአሮጌውን የሚያሳይ ሰው ከጠፋ ግን የትምህርቱ ግማሽ ይጐድላል።

ዕቃው የሄደበት መንገድ

ሙዚየም በኢትዮጵያ ከማእከል የተጀመረ ሥራ ነው። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ጥንታዊ አልባሳትንና ዕቃዎችን ለሕዝብ ማሳየት ጀመረ፤ የብሔራዊ ሙዚየምም መነሻ ይኸው ነው። በ1955 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተ፤ ሙዚየሙም ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ይገኛል። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ደግሞ የብሔራዊውን ሙዚየም ስም በዓለም ላይ አስጠራች። በቅርቡም በመስከረም ወር 2012 ዓ.ም. የአንድነት ፓርክ፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የሳይንስ ሙዚየም ተከፈቱ። ለአዲስ አበባ ሕፃን ይህ ሁሉ የአንድ ቀን መንገድ ነው።

ለጭሮ ሕፃን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከጭሮ እስከ አዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እስከ ሐረርም ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በተራራ መንገድ ይህን ያህል ሄዶ በዚያው ቀን መመለስ ዐዋቂን ያደክማል፤ ለሕፃን ደግሞ የሚታሰብ አይደለም። የሚያድር ወላጅ የማረፊያና የመሳፈሪያ ገንዘብ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ብዙው ሰው ሙዚየም የሚገባው ካደገ በኋላ፣ ያውም ለሌላ ጉዳይ ወደ ከተማ በሄደበት አጋጣሚ ነው።

ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ በሩቅ ከተቀመጠው ዕቃ ከፊሉ ከዚሁ አገር የሄደ መሆኑ ነው። በ1999 ዓ.ም. መጨረሻ የእነ ገን ሱዋ፣ የእነ ብርሃነ አስፋውና የእነ ዮናስ በየነ የምርምር ቡድን፣ ከጨርጨር ተራሮች ግርጌ በአፋር ስምጥ ሸለቆ ደቡባዊ ጠርዝ ላይ ካለው ከጮሮራ አካባቢ የተገኙ 9 የዝንጀሮ መሰል እንስሳ ጥርሶችን ለዓለም አስታወቀ። እንስሳው በቦታው ስም «ጮሮራፒቴከስ» ተባለ። የጎሬላ ዘር ጥንታዊ ዘመድ ሳይሆን እንዳልቀረ አጥኚዎቹ ገምተዋል፤ ዕድሜውም በኋለኛው ጥናት 8 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሆኖ ተገኝቷል። የድንቅነሽ ዕድሜ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነውና፣ የጮሮራው ከእርሷ ከእጥፍ በላይ ይበልጣል። ጥርሶቹ በአዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም ይጠበቃሉ። መጠበቃቸው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የጨርጨር ልጅ አፈሩን እየረገጠ ታሪኩን ሳይሰማ ያድጋል።

በደጋው ላይም «ዳጋ ቱሊ» የሚባሉ የድንጋይ ክምር መቃብሮች አሉ። የአካባቢው ሰው ጥንት ለኖሩት ለሐርላ ሰዎች ይሰጣቸዋል። ፈረንሳዊው አባ አዛይስ በ1910ዎቹ ዓ.ም.፣ ሮዤ ዡሶም ደግሞ በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጥንተዋቸዋል። የጥናቱ መጻሕፍት ግን በፈረንሳይኛ የታተሙ ስለሆኑ ወደ ክምሩ ሥር ላለው ትምህርት ቤት ሊደርሱ አልቻሉም።

በቅርብ ያለውን መጠበቅ

በቅርብ ያለ ነገር ሁሉ ሳይጠፋ ይቆያል ማለት አይደለም። በኩኒ አካባቢ ያለው የኩኒ ሙክታር ጥብቅ ሥፍራ በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የተከለለው ለኒያላ፣ ማለትም ለደጋ አጋዘን ነው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አይገኝም። በአሥር ሳንቲም ላይ የተቀረጸውም እርሱ ነው። በአደንና በደን መመንጠር ምክንያት ግን በሥፍራው ከመጥፋት አፋፍ ደርሷል። ሕፃኑ እንስሳውን በሳንቲም ላይ እያየ፣ በተራራው ላይ ማየት ሳይችል ቢቀር ጉዳቱ ለአንድ ቀን ሽርሽር ብቻ አይሆንም።

ሥራው ግን ከአቅም በላይ አይደለም። በዓለም የመጀመሪያው የሕፃናት ሙዚየም በአሜሪካ በብሩክሊን እ.ኤ.አ. በ1899 ሲከፈት አዲስነቱ ዕቃው ለሕፃናት ዓይንና እጅ ቅርብ እንዲሆን መታሰቡ ነበር። በአቅራቢያም አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በሐረር ያደረጉት አለ። በግል ጥረታቸው ከየቤቱ የሰበሰቡት መጽሐፍ፣ ጌጥና ሳንቲም አድጎ ዛሬ በራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ ሙዚየም ሆኗል። የተጀመረው በአንድ ሰው ቤት ነው።

በየትምህርት ቤቱ የሚያገለግሉ የማኅበሩ አባላት ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት አለ። በአንድ ክፍል ጥግ የተደረደረ ሞፈርና ቀንበር፣ የወተት ጮጮ፣ የአሮጌ ሐዲድ ብሎን፣ ስሙና የመጣበት ቀበሌ ተጽፎበት፣ ለሕፃን ሙዚየም ነው። በብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን የሚጎበኝ ሰው የሚያየው ቅጂዋን ነው፤ እውነተኛው አጥንት በጥንቃቄ ተቀምጧል። እንዲህ ከሆነ የጮሮራ ጥርሶች ቅጂ በጭሮ እንዳይታይ የሚከለክል ምክንያት የለም። ጭሮን መነሻ አድርጎም፣ አንድ ቀን ወደ ሚኤሶ ወርዶ ሁለቱን ሐዲዶች ማየት፣ ሌላ ቀን ወደ ኩኒና ወደ በዴሳ ወጥቶ ደኑንና ኦዳ ቡልቱምን መጎብኘት፣ ሦስተኛ ቀን በሽማግሌ መሪነት ወደ አንድ ዳጋ ቱሊ መሄድ ይቻላል። ሦስቱም ጉዞዎች ሕፃኑን ሳይመሽ ይመልሱታል። ማታ ደግሞ ያየውን በሂቦ የሚጠይቀው ሰው ይኑር።