የኅብለ ሰረሰር ሕሙማንና ሌሊት፤ ታሪካዊ ቅኝት

በሰው ልጅ ላይ ከሚደርሱት ጉዳቶች መካከል የኅብለ ሰረሰርን ጉዳት ያህል ሐኪምን ለብዙ ሺህ ዘመናት እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ያደረገ ጥቂት ነው። በኤድዊን ስሚዝ ስም የሚጠራውና ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ የተገለበጠው የግብፃውያን የሕክምና ፓፒረስ፣ የአንገቱ አጥንት ወልቆ እጅና እግሩ የከዳው ሕመምተኛ የሚታከም እንዳልሆነ ይደነግጋል። ይህ ፍርድ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ እምብዛም አልተሻረም። በዚያ ጦርነት ኅብለ ሰረሰራቸውን ከተመቱትና ከመጀመሪያው ቀን ከተረፉት ወታደሮች ብዙዎቹን የገደላቸው ጥይቱ ራሱ አልነበረም። የገደላቸው የአልጋ ቁስል፣ እንዲሁም ከፊኛ ተነሥቶ ኩላሊትን የሚያበላሸው ምርዘት ነበር። የአልጋ ቁስል ደግሞ የሰዓታት ሥራ ነው። ሥሜት የሌለው ገላ ማንም ሳያገላብጠው አንድ ሌሊት ቢያድር ለወራት የማይድን ቁስል ይዞ ሊነጋበት ይችላል።

ይህን ታሪክ ከለወጡት ሰዎች ዋነኛው ሉድቪግ ጉትማን ነው። ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1899 በላይኛው ሲሌዢያ ተወልዶ በብሬስላው የታወቀ የነርቭ ሐኪም ከሆነ በኋላ፣ አይሁዳዊ በመሆኑ ናዚዎች ስለ አሳደዱት በ1939 ከነቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደደ። የእንግሊዝ መንግሥት ለኖርማንዲው ዘመቻ ሲዘጋጅ ቁስለኛው እንደሚበዛ ስላወቀ፣ በስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል የኅብለ ሰረሰር ሕሙማን ክፍል እንዲመራ ሾመው፤ ክፍሉም በፌብሩዋሪ 1944 ሥራ ጀመረ። (ዶናልድ መንሮ ቀደም ብሎ በ1930ዎቹ ዓመታት በቦስተን ተመሳሳይ ሥራ መጀመሩን መርሳት አይገባም።)

የጉትማን ዘዴ በመድኀኒት ረገድ ያን ያህል አዲስ ነገር አልነበረውም። ጥንካሬው በሥርዓት ላይ ነበር። ፊኛው በንጽሕና ይጠበቃል፤ ሕመምተኛው ቀንም ሆነ ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ቢቆጠር ከምሽቱ 4፣ ከሌሊቱ 6፣ 8፣ 10፣ ከዚያም ጎህ ሲቀድ 12 ሰዓት ማለት ነው። ጉትማን ራሱ ሳይታሰብ በሌሊት ወደ ክፍሉ ብቅ እያለ መገላበጡ በሰዓቱ መፈጸሙን ይቆጣጠር እንደነበር ይነገርለታል። በጁላይ 29 ቀን 1948፣ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ 16 የቀድሞ ወታደሮች በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው የቀስት ውድድር አደረጉ። የዛሬው ፓራሊምፒክ መነሻ ይኸው ነው። ስለዚያ ቀን ብዙ ተጽፏል፤ ተወዳዳሪዎቹን ለዚያ ቀን ስላደረሱት የሌሊት ተረኞች ግን የሚያወሳ እምብዛም አይገኝም።

ለእኛ አገር ሰው የዚህ ሆስፒታል ስም እንግዳ አይደለም። የሮምና የቶኪዮ ባለድል ሻምበል አበበ ቢቂላ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት ይነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገልብጣ እስኪነጋ ድረስ በውስጧ ተይዞ አደረ። በመጀመሪያ ወደ ክብር ዘበኛ ሆስፒታል ተወሰደ። ከሳምንት በኋላም ወደ ስቶክ ማንድቪል ተልኮ ስምንት ወር ያህል ታከመ። ሲገባ ራሱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር፤ ቀስ በቀስ እጆቹ ተመለሱለት፣ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። እ.ኤ.አ. በ1970 እዚያው በስቶክ ማንድቪል ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ፤ በ1971 ደግሞ በኖርዌይ በበረዶ ላይ ውድድር አሸነፈ። ያረፈው ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ነው።

አበበ በስቶክ ማንድቪል በተኛበት ዓመት በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ የታወቀ ሕግ ሆኖ ነበር። በዚያው ዘመን፣ ከዚህ ሙያ ጋር ምንም ዝምድና ያለው በማይመስል ሌላ የምርምር መስክ፣ ገላ ሌሊትን የሚያውቀው በምን መንገድ ነው የሚለው ጥያቄ ይጠና ነበር። ጥያቄው የቆየ ነው። ፈረንሳዊው ዣን ዣክ ደ ሜራን እ.ኤ.አ. በ1729 ዓ.ም. በጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ተክል ፀሐይን ሳያይ ቅጠሉን በየቀኑ እንደሚዘረጋና እንደሚያጥፍ አስተውሏል። በ1958 አሮን ለርነርና ባልደረቦቹ በዬል ዩኒቨርሲቲ ሜላቶኒንን ለይተው አወጡ። በ1960ዎቹ ጁሊየስ አክስልሮድና ባልደረቦቹ፣ ይህን የሌሊት ሆርሞን የሚያመነጨው ፓይኒያል ዕጢ ትእዛዙን በሲምፓቴቲክ ነርቮች በኩል እንደሚቀበል አሳዩ። በ1972 ደግሞ ሁለት የአሜሪካ የምርምር ቡድኖች በየፊናቸው፣ የገላ ሰዓት መቀመጫ በሃይፖታላመስ ውስጥ ያለች እጅግ ትንሽ የነርቭ ሕዋሳት ክምችት መሆኗን ደረሱበት።

እነዚህ ግኝቶች ሲገጣጠሙ የወጣው ካርታ አስገራሚ ነው። ሰዓቷም ዕጢውም በራስ ቅል ውስጥ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀትም ጥቂት ሴንቲሜትር ነው። ትእዛዙ ግን በቀጥታ አይሄድም። በአንገት ኅብለ ሰረሰር በኩል እስከ ደረት ላይኛው ክፍል ይወርዳል፣ ከዚያ ወጥቶ በአንገት ወዳለው የሲምፓቴቲክ ነርቭ ጉብታ ይወጣል፣ በመጨረሻም ወደ ራስ ቅል ተመልሶ ዕጢው ዘንድ ይደርሳል። ለጎረቤት የተጻፈ ደብዳቤ በሩቅ አገር ፖስታ ቤት ዞሮ እንደሚደርስ ያለ ነው። ስለዚህ አንገቱ ላይ ኅብለ ሰረሰሩ ፈጽሞ የተቆረጠ ሰው ከእጅና ከእግሩ ጋር የሌሊቱን ምልክት ያጣል። በሕሙማን ላይ ይህን ያመለከተው ጥናት የታተመው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ጄሚ ዛይትዘርና ባልደረቦቹ በሃርቫርድ ባደረጉት ጥናት፣ አንገታቸው ላይ ፈጽሞ በተጎዱት ሰዎች ደም ውስጥ ሜላቶኒን በሌሊት ሊገኝ አልቻለም፤ ከዚያ በታች ደረታቸው ላይ በተጎዱት ግን እንደ ጤነኛ ሰው ነበር። የኮርቲዞል ምት በሁሉም ዘንድ አልጠፋም። ሰዓቷ በትክክል ትሠራለች ማለት ነው፤ የተቆረጠው ድምፅዋ የሚሰማበት መንገድ ነው።

በኋላ የመጣው ምርምር ነገሩ በሜላቶኒን ብቻ እንደማያበቃ አሳይቷል። አንገታቸው ላይ በተጎዱ ሰዎች ዘንድ የደም ግፊት በሌሊት ዝቅ የማለት ልማዱን ብዙ ጊዜ ያጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአይጦች ላይ የታተመ ጥናት ደግሞ ከዕጢው መንገድ በታች፣ ደረት መካከል ላይ የሚደርስ ጉዳት እንኳ የገላን ሙቀት፣ የእንቅስቃሴንና የሆርሞንን የቀንና የሌሊት ሥርዓት በመጀመሪያዎቹ ቀናት አናግቶ፣ ቀስ በቀስ እንደሚመለስ አመልክቷል። ይህን ሥርዓት መጠበቅ የተጎዳ ነርቭን ያድናል የሚል ማረጋገጫ በሰው ላይ አልተገኘም፤ እንደዚያ ብሎ ለሕመምተኛ ተስፋ መስጠትም አይገባም። ይሁን እንጂ የማይተኛ ሰው በማግሥቱ ክንዱን ለማጠንከር የሚደረገውን ልምምድ በምን ኃይል ይሠራል? እጆች የሚመለሱት በልምምድ መሆኑን የፊዚዮቴራፒ ባልደረቦቻችን ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል።

ከዚህ ላይ የጉትማን ሕግ ሁለት ገጽታ እንዳለው ይታያል። ሕይወትን ያተረፈው ያው ሥርዓት፣ ከመጀመሪያውም ምልክቱ ለተቆረጠበት ሰው ሌሊቱን በየሁለት ሰዓቱ የሚሰነጥቅ ነው። በአሜሪካና በካናዳ የአረጋውያን መጦሪያዎች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሰፊ ጥናት፣ ጥሩ የስፖንጅ ፍራሽ በተነጠፈበት አልጋ በየ2፣ በየ3 ወይም በየ4 ሰዓቱ ማገላበጥ በአልጋ ቁስል ብዛት ላይ ጉልህ ልዩነት እንዳላመጣ አሳይቷል። በእኔ አስተያየት ይህ ውጤት ሥሜት ለሌለው ገላ እንደ ፈቃድ ሊቆጠር አይገባም፤ ፍራሹ በሌለበትማ ጭራሽ አይታሰብም። በኛ ሁኔታ በሌሊት መገላበጡ ይቀጥላል። ሊቀር የሚችለው አብሮት የሚመጣው ነው፤ ለአንድ አልጋ ሲባል የክፍሉ መብራት ሁሉ ይበራል፣ ተረኞች ድምፃቸውን ሳይቀንሱ ይነጋገራሉ፣ ገላ ማጠብ ለቀኑ ተረኛ እንዲቀልለት ሲባል ሳይነጋ ይጀመራል። እነዚህ ቁስልን አይከላከሉም።

ሜላቶኒንን በክኒን መስጠትም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በታተመ አነስተኛ ጥናት፣ በየምሽቱ 3 ሚሊግራም የወሰዱ ሕሙማን ረዘም ላለ ጊዜ መተኛታቸውን ተናግረዋል፤ የጨመረው ግን ቀላሉ የእንቅልፍ ደረጃ ነው። ደግሞም በእነዚህ ሕሙማን ዘንድ በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቆራረጥ እጅግ የተለመደ ስለሆነ፣ የማያስተኛው ምን እንደሆነ ሳይመረመር ክኒን መስጠት ትክክል አይሆንም።

የማያስወጣው ሌላው ነገር ብርሃን ነው። ከዓይን ተነሥቶ የገላን ሰዓት በየማለዳው የሚያስተካክለው ነርቭ በአንገት በኩል አያልፍም። አንገቱ ላይ የተጎዳ ሰው ዓይኑ ጤነኛ እስከ ሆነ ድረስ ይህ መንገድ አልተነካበትም። በመስኮት አጠገብ ያለውን አልጋ በብዙ ክፍሎች የሚያገኘው ቀድሞ የገባው ወይም ጠያቂ የሚበዛለት ነው፤ ከራሱ ተነሥቶ ወደ ደጅ መውጣት የማይችለው ግን በግድግዳው በኩል ተኝቶ ይውላል።