መሬት ላራሹ፤ የማይታረሰውስ?

የካቲት በመጣ ቁጥር የጋዜጦች የታሪክ ዓምድ ወደ 1967 ዓ.ም. ይመለሳል። የካቲት 25 ቀን የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ፣ ከአዋጁ በፊት የነበረው መፈክር፣ ባላባቱና ጭሰኛው ብዙ ተብሎላቸዋል። የኛ የጎጃሞችም ታሪክ የታወቀ ነው። በ1960 ገበሬው የእርሻ ገቢ ግብሩን አዋጅ እንቢ አለ። ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ነበሩ። ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላንም ደበደበ፤ በኋላ ደጃዝማቹ ተነሡ፣ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ገበሬው ከሚከፍለው ብር ይልቅ የፈራው ርስቱ ተለክቶ ከእጁ እንዳይወጣ ነበር። እዚህ ላይ አልቆይም። በዚህ ሁሉ ትረካ ውስጥ የሚነሣው ግን የሚታረስ መሬት ብቻ ነው። ማንም የማያርሰው፣ ብዙው ሰው የሚያጭደው ተራራስ የማን ነበር?

ጥያቄው ለአምበር ሰው እንግዳ አይደለም። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የአነደድ ወረዳ ከተማ ጀርባዋን የሰጠችው ለጮቄ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው ይህ ተራራ የብዙ የዓባይ ገባሮች መነሻ ነው። ገብሱና ድንቹ ግን ዓመት በዓመት ሽቅብ እየወጣ ጅብራውን ገፍቶታል። በአንድ ወቅት የነበረው ቀይ ቀበሮ ዛሬ ከጮቄ ጠፍቷል። ያው ቀበሮ ከዓባይ ማዶ፣ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጌራ ጓሳ ላይ አሁንም አለ። ልዩነቱን በአየር ጠባይ ማስረዳት አይቻልም፤ ሁለቱም ውርጭ የሚወርድባቸው ደጋዎች ናቸው። ስለዚህ የጎጃም ሰው ስለ ጮቄ ለማወቅ መንዝ ድረስ መሄድ አለበት።

ጓሳ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ከመሐል ሜዳ አጠገብ ያለ የሣር ምድር ነው፤ ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ጓሳ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለክረምት ገሳ ይሠራበታል። ምድሩ ለምን ሳይታረስ ቀረ ሲባል አንድ አፈ ታሪክ ይነገራል፦ በሐሰት የተከሰሰ ባሕታዊ ረግሞት ነው፣ ድሮ ጤፍ ይበቅልበት ነበር ይላል። ደስ የሚል ተረት ነው። ነገር ግን እርግማን ሣር አይጠብቅም። ጠባቂው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ የሚነገረው የቄሮ ሥርዓት ነው (በቅርቡ ፖለቲካ ከሰማነው ስም ጋር አይገናኝም)።

ዶክተር ዘለዓለም ተፈራ ከናይጀል ሊደር ዊሊያምስ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት እንደሚነበበው፣ ጓሳ የአስቦና የጌራ ዘሮች አጽመ ርስት ነበር። ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸውን አለቃ ይመርጣሉ። ምድሩ ሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋል፤ ማጨድ የለም፣ ከብት ማሰማራት የለም፣ እንጨት መልቀም የለም። ድርቁ ሲጠና አለቆቹ ይመክሩና ይከፈታል። ቀኑ በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በቀብር ላይ ይነገራል። ክረምቱ ሲገባ፣ በሐምሌ 5 በጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ ሰውም ከብቱም ይወጣና እንደገና ይዘጋል። ጥበቃውም በየደብሩ ተራ ነበር፤ ጉልበት ያለው አባወራ ሁሉ ይወጣል።

የማይወጣውስ? ቤቱ ይቃጠላል ይባላል።

ይህን ማስፈራሪያ እንጂ ሕግ አልነበረም የሚል ሰው አይጠፋም። ለጎረቤቱ ጎጆ እሳት የሚለኩስ አገር የት አለ? በእኔ አስተያየት ግን ነገሩ እውነት ይመስላል። መቀጫው በእህል ወይም በብር ቢሆን ኖሮ ሀብታሙ እየከፈለ ከጥበቃው ይቀራል። ጣሪያ ግን የሀብታሙም የድሃውም ያው ነው፣ የተከደነውም በዚያው ጓሳ ነው። ጥበቃ ያልወጣ ሰው ጎጆው ቢነድበት ሌላ ክዳን የሚያገኘው ጓሳው ሲከፈት ነው፤ መክፈቻው ደግሞ ሁለት ዓመት ሊቀረው ይችላል። በመንዝ ብርድ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለደጋ ሰው አይነገርም። ቅጣቱን ያወጡት ሰዎች ጭካኔን ሳይሆን ልክን ያሰቡ ይመስለኛል፤ ምናልባትም አንድ ጎጆ ተቃጥሎ ለሦስት ትውልድ በቅቶ ይሆናል።

ሥርዓቱን ከልክ በላይ ማሞገስ ግን አይገባም። የአስቦ ወይም የጌራ ዘር ያልሆነ ሰው ድርሻ አልነበረውም። ለዚያ ሰው የ1967ቱ አዋጅ በር ከፋች ነበር። ለሣሩ ግን በሩ የተከፈተው ያለ መዝጊያ ነው፤ አጽመ ርስቱ ሲሻር አለቆቹ ሥልጣን አጡ፣ የገበሬ ማኅበራት ቦታቸውን ወሰዱ፣ ጓሳውም ተጎዳ። ከዚያ ወዲያ ያሉት ዓመታት የኮሚቴና የመተዳደሪያ ደንብ ዓመታት ናቸው፤ ነዋሪው የአባቶቹን መዝጋትና መክፈት በአዲስ ስም እየመለሰ ቆየ።

ጎጃም በግብሩ ምክንያት በታመሰበት ዘመን፣ በታኅሣሥ 1961፣ አሜሪካዊው ጋሬት ሃርዲን የጋራ ግጦሽ ሁሉ መጨረሻው ጥፋት ነው የሚል ጽሑፍ አሳተመ። ዓለምም አመነው። ያን ጊዜ መንዝ ውስጥ የጋራው መሬት በተራ እየተጠበቀ ነበር። ኤሊኖር ኦስትሮም ተጠቃሚዎች ራሳቸው ሕግ አውጥተው የጋራ ሀብትን መጠበቅ እንደሚችሉ በማስረዳቷ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ አርባ ዓመት ዘግይቶ መሆኑ ነው።

በ2004 ዓ.ም. የአማራ ክልል ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ አድርጎ በደንብ አጸናው። ዛሬ ጭላዳው፣ ቀይ ቀበሮውና ሣሩ በዙሪያው ባሉ ቀበሌዎች ጥበቃ ሥር ናቸው፤ ከቱሪስት የሚገኝ ገቢም አለ። ስለ ጮቄ በተነጋገርን ቁጥር የምናስቀድመው ችግኝና ወሰን ነው። የመንዝ ሰዎች ያስቀደሙት ማን ይዘጋዋል፣ መቼ ይከፈታል፣ ተራውን ያጓደለስ ምን ይሆናል የሚለውን ነበር። ጎጆ ማቃጠሉ ቢቀር፣ በጮቄ ሥር ያሉት የስናንና የአነደድ ወረዳ ቀበሌዎች ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የራሳቸውን መልስ ለመምረጥ ከባሕር ዳር ደብዳቤ መጠበቅ አለባቸው?