አሌክሳንደር ቶራድዜ፦ የፒያኖ ጠቢብና መምህር

በካውካስ ተራሮች ደቡብ የምትገኘው ጆርጂያ በሕዝብ ብዛት ትንሽ ብትሆንም፣ ለዓለም ያበረከተቻቸው የፒያኖ ጠቢባን ቍጥር ጥቂት አይደለም። ዲሚትሪ ባሽኪሮቭ፣ ሌቭ ቭላሴንኮና ኤሊሶ ቪርሳላድዜ ሁሉም የተወለዱት በዋና ከተማዋ በትብሊሲ ነው። አሌክሳንደር ቶራድዜም ከእነዚሁ ተርታ የሚቈጠር ነው። የእርሱ ታሪክ ግን ከጨዋታው ችሎታ ባሻገር አንድ ከባድ ጥያቄ ያስነሣል፤ ይኸውም መንግሥት በነጻ አስተምሮ ያሳደገው ጠቢብ ጥበቡ የማን ሀብት ነው የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቶራድዜ የተወለደው ሜይ 30 ቀን 1952 ነው። አባቱ ዳቪድ ቶራድዜ በ1949 ለትብሊሲ መድረክ የበቃውን «ጎርዳ» የተባለ ባሌት የደረሰ የታወቀ የሙዚቃ ደራሲ ሲሆን፣ እናቱ ሊያና አሳቲያኒ የፊልም ተዋናይ ነበረች። ፒያኖ መማር የጀመረው በ6 ዓመቱ ነው፤ በ9 ዓመቱም ከኦርኬስትራ ጋር ለመጫወት በቃ። በዚያን ጊዜ በሶቪየት ኅብረት ተሰጥዎ የታየባቸው ልጆች ከመደበኛው ትምህርት ጋር ሙዚቃን አጣምረው የሚማሩባቸው ልዩ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ቶራድዜም በዚህ መንገድ አልፎ ወደ ሞስኮው የቻይኮቭስኪ ኮንሰርቫቶሪ ገባ። እዚያም በ1937 በዋርሶው የሾፐን ውድድር አንደኛ የወጣው ያኮቭ ዛክ፣ ቦሪስ ዜምልያንስኪ፣ እንዲሁም የታላቁ መምህር የሃይንሪክ ኔይሃውስ ረዳት የነበረው ሌቭ ናውሞቭ አስተማሩት። በዚህ ዐይነት ከመምህር ወደ መምህር ሲተላለፍ የኖረው ሙያ በእርሱም እጅ ደረሰ።

በ1977 ወደ ቴክሳስ ተጉዞ በፎርት ወርዝ ከተማ በሚደረገው የቫን ክላይበርን ውድድር ላይ ተካፈለ። ውድድሩ የተሰየመው በ1958 ሞስኮ ላይ የመጀመሪያውን የቻይኮቭስኪ ውድድር ባሸነፈው አሜሪካዊ ስም ነው። በ1977ቱ ውድድር ደቡብ አፍሪካዊው ስቲቨን ደ ግሮት አንደኛ ሲወጣ፣ ቶራድዜ ሁለተኛ ሆነ። ይህም ውጤት የምዕራቡን ዓለም መድረክ ከፈተለት።

ይሁን እንጂ መድረኩ ቢከፈትም፣ ወደዚያ የሚያደርሰው የጉዞ ፈቃድ በራሱ በጠቢቡ እጅ አልነበረም። የሶቪየት ጠቢባን በውጭ አገር የሚያቀርቡትን ዝግጅት የሚወስነው «ጎስኮንሰርት» የተባለው የመንግሥት ድርጅት ነበር። ማን እንደሚሄድ፣ የት እንደሚጫወት፣ ከሚከፈለው ገንዘብም ምን ያህል ለጠቢቡ እንደሚደርስ የሚቈርጠው ይኸው ድርጅት ነው። ቶራድዜ በጉዞው ላይ በሚደረግበት እገዳ እየተማረረ ሄደ። በመጨረሻም በ1983 ከአንድ የሞስኮ ኦርኬስትራ ጋር ለዝግጅት ወደ እስፓኝ በተጓዘ ጊዜ፣ ማድሪድ ላይ ወደ አሜሪካ ኤምባሲ ገብቶ ጥገኝነት ጠየቀ።

የዚህ ውሳኔ ዋጋ ቀላል አልነበረም። አባቱ ዳቪድ ቶራድዜ በዚያው በ1983 ዐረፈ። በዚያን ዘመን ኮብልሎ ለወጣ ሰው ወደ አገር መመለሻ በር አልነበረውም። ነጻነቱን ያገኘ ሰው ወላጆቹን፣ ቋንቋውንና ያደገበትን ቀዬ በአንድ ቀን ትቶ ነበር የሚሄደው።

ቶራድዜ ኑሮውን በአሜሪካ ካደረገ በኋላ ስሙ ይበልጥ የተያያዘው ከሰርጌይ ፕሮኮፊዬቭ ሥራዎች ጋር ነው። ፕሮኮፊዬቭ ራሱ በ1918 ከሩሲያ ወጥቶ፣ ሦስተኛውን የፒያኖ ኮንቼርቶ በ1921 ቺካጎ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተ፣ በ1936 ደግሞ ተመልሶ በአገሩ የኖረ ደራሲ ነበር። ቶራድዜ በ1990ዎቹ ዓመታት፣ የሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ፣ የደራሲውን አምስት ኮንቼርቶዎች በቫሌሪ ጌርጊዬቭ ከሚመራው ከቅዱስ ጴጥሮስ ከተማው የኪሮቭ ኦርኬስትራ ጋር በሸክላ አስቀረጸ። የኮበለለው ጠቢብ በዚህ አኳኋን ከሩሲያ ኦርኬስትራ ጋር በአንድ ሥራ ተገናኘ። አጨዋወቱን ከልክ በላይ የራሱ ያደረገ ነው ብለው የነቀፉት አልጠፉም፤ በተለይ ሌሎች በፍጥነት የሚያልፉትን ቦታ እርሱ አዝግሞ ይጫወተዋል። ሆኖም የሦስተኛው ኮንቼርቶ ቅጂው ከምርጦቹ አንዱ መሆኑን ብዙ ሐያስያን መስክረውለታል።

ከዝናው ሁሉ ይልቅ ሙያውን ለትውልድ ያሻገረው ግን የማስተማር ሥራው ነው። በ1991 በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የሳውዝ ቤንድ ቅርንጫፍ የፒያኖ ፕሮፌሰር ሆነ። ሳውዝ ቤንድ ከታወቁት የሙዚቃ ከተሞች አንዷ አልነበረችም። እርሱ ግን ከጆርጂያ፣ ከሩሲያና ከሌሎችም አገሮች ተማሪዎችን ሰብስቦ በስሙ የተጠራውን የፒያኖ ማሠልጠኛ አቋቋመ። የአንድን ደራሲ ሥራዎች ለተማሪዎቹ አከፋፍሎ በተከታታይ በአንድ መድረክ እንዲያቀርቡ ያደርግ ነበር። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ድርሻ ከማጥናት አልፎ የጓደኞቹን ጨዋታ በማዳመጥ የደራሲውን መላ ሕይወት ይማራል። ከትምህርቱም በኋላ እንደ ጆርጂያ ወግ መምህርና ተማሪ አብረው ማዕድ ይቈርሱ ነበር። ቶራድዜ እስከ 2017 ድረስ በዚህ ሥራ ቆይቶ ጡረታ ወጣ።

ጡረታ ግን ከመድረክ አላራቀውም። በኤፕሪል 2022 በዋሽንግተን ስቴት በቫንኩቨር ከተማ ከኦርኬስትራ ጋር በመጫወት ላይ ሳለ ልቡ ቢደክምበትም፣ ጨዋታውን ሳያቋርጥ ፈጸመ። ሜይ 11 ቀን 2022፣ 70 ዓመት ሊሞላው 19 ቀን ሲቀረው፣ በሳውዝ ቤንድ ዐረፈ።

እንግዲህ በመግቢያው ወደ ተነሣው ጥያቄ ስንመለስ፣ የቶራድዜ ሕይወት ለሁለቱም ወገን ይመሰክራል። የትብሊሲና የሞስኮ ትምህርት ቤቶች ባይኖሩ ኖሮ፣ ማድሪድ ላይ የኮበለለው ሰው ያ ጠቢብ ባልሆነም ነበር፤ ስለዚህ የአገሩ ውለታ የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ያ ውለታ በጉዞ እገዳ የሚከፈል ዕዳ አልነበረም። ቶራድዜ ከዛክና ከናውሞቭ የተቀበለውን ለአዲሱ ትውልድ አስረክቧል፤ ከተቀባዮቹም መካከል የገዛ አገሩ ልጆች ይገኙበታል። መምህር ለመምህሩ ያለበትን ዕዳ የሚከፍለው በተማሪው በኩል ነውና፣ ቶራድዜ ዕዳውን ከፍሎ አልፏል።