ራዲዮ ያናገረ ፋኖስ

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መብራት ባልገባባቸው የሶቪየት ኅብረት መንደሮች አንድ እንግዳ ፋኖስ ነበር። ከታች እንደማንኛውም ፋኖስ ላምባ ይጠጣል፤ ከላይ ግን ዙሪያውን የብረት ክንፎች ተደርድረውበታል፤ ከእነሱ የሚወጣው ሽቦ ከራዲዮ ጋር ይገናኛል። ቤተሰቡ በብርሃኑ እራቱን ሲበላ፣ በከንቱ ይባክን የነበረው ሙቀት ዜናና ዘፈን ያሰማል። ኃይሉ 3 ዋት ገደማ ነበር።

የሐሳቡ አባት የሌኒንግራዱ የፊዚክስ ሊቅ አብራም ዮፌ ነው። ሥሩ ግን ይርቃል። በ1821 ቶማስ ዜቤክ ሁለት የተለያዩ ብረቶችን ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ አንዱን መጋጠሚያ ሲያሞቅ አጠገቡ የነበረው የኮምፓስ መርፌ ዞረ። እሱ ማግኔት ነው ብሎ ሙጭጭ አለ፤ ኤሌክትሪክ መሆኑን ያስረዳው የዴንማርኩ የፊዚክስ ሊቅ ኤርስቴድ ነው። ከዚያም ለመቶ ዓመት ግኝቱ ከሙቀት መለኪያነት እምብዛም አላለፈም። ብረት ኤሌክትሪክን ሲያሳልፍ ሙቀትንም አብሮ ስለሚያሳልፍ ትኩሱና ቀዝቃዛው ጫፍ ቶሎ ይመሳሰላሉ፤ ልዩነቱ ሲጠፋ ኤሌክትሪኩም ይጠፋል። ዮፌ ተስፋውን ሙቀትን እንደ ብረት በማያሳልፉት ሴሚኮንዳክተሮች ላይ የጣለው ለዚህ ነበር።

ከፋኖሱ በፊት ደግሞ ድስቱ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን ጦር ጀርባ ይዋጉ ለነበሩ የጫካ አርበኞች የተሠራ ነው፤ መጋጠሚያዎቹ ቂጡ ላይ ተቀብረው እሳት ላይ ይጣዳል። ብልሃቱ ውኃው ነው። የፈላ ውኃ ከ100 ዲግሪ ስለማያልፍ፣ እሳቱ የቱንም ያህል ቢነድ የላይኛው ጫፍ ከታችኛው እጅግ ይቀዘቅዛል። ውኃው እየፈላ የራዲዮ መልእክት ይላካል። እኔ ከፋኖሱ ይልቅ ይህን አደንቃለሁ።

ከሰውነት ሙቀት ኤሌክትሪክ እንዲያወጣ የሚታሰበው የዘመናችን ጨርቅ የሚቸገረውም እዚሁ፣ አንዱን ጫፍ ቀዝቃዛ አድርጎ ማቆየቱ ላይ ነው። በ2012 በአሜሪካ ዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ የዴቪድ ካሮል ቡድን «ፓወር ፌልት» የተባለ ነገር አስተዋወቀ፤ የካርቦን ናኖቱቦች በፕላስቲክ ውስጥ የተሰገሰጉበት፣ ሲዳስሱት ጨርቅ የሚመስል። በሰውነት ሙቀት ስልክ ሊሞላ ነው ተብሎ ብዙ ተወራ። 72 ንብርብር ያለው ናሙና የሰጠው ግን 140 ናኖዋት ያህል ነው፤ የዚያን ፋኖስ ኃይል ለማግኘት ከ20 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ናሙናዎች ይፈለጋሉ!

የተሻለ ኃይል የሚሰጠው ቢስሙዝ ቴሉራይድ የተባለው ሴሚኮንዳክተር ደግሞ ሲያጥፉት ይሰበራል። በ2014 የደቡብ ኮሪያው ካይስት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መላ አገኙ፦ ሙቀትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ቁስ እንደ ቀለም ለውሰው በመስታወት ክር ጨርቅ ላይ አተሙት፤ ቁሱ ይቀመጥበት የነበረው ግትር የሴራሚክ ሰሌዳም ቀረ። አሁን በእጅ ላይ ይጠመጠማል። የቀዝቃዛው ጫፍ ነገር ግን አልተፈታም። ቆዳችን ከ30 ዲግሪ ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ክፍሉ 20 ዲግሪ ቢሆን እንኳ ልዩነቱ ከአሥር ብዙም አይርቅም፤ ስሱ ጨርቅ ደግሞ የውጭ ፊቱ ራሱ ይሞቃል። ስለዚህ ስልኩን ትተን ጥቂት የሚበቃውን ብንፈልግ ይሻላል። ሴይኮ በ1998 ለገበያ ያቀረበው «ቴርሚክ» የእጅ ሰዓት በክንድ ሙቀት ብቻ ይቆጥር ነበር፤ ለሰዓት የሚበቃው የዋት ሚሊዮንኛ ነውና።