ስለ ተሟይ ቀለማትና ስለ ሥዕላችን አጭር ታሪክ

በቦምቤ ዝናብ ካባራ በኋላ ፀሐይ ስትወጣ የማርያም መቀነት በሰማይ ላይ ተዘርግቶ የሚታይበት ጊዜ አለ። ከታች ያለው ቀይ አፈርም ርሶ ቅላቱ ይጨምራል፤ በላዩ የበቀለው የእንሰት ቅጠል ደግሞ ከወትሮው ይልቅ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ብዙ ሰው ይህ የሆነው ዝናቡ አቧራውን ስላጠበው ነው ይላል። ይህም እውነት ነው፤ ነገር ግን ሌላ ምክንያት አለው። ይኸውም ቀይና አረንጓዴ ጎን ለጎን በቆሙ ጊዜ አንዱ የሌላውን መልክ የሚያጎላ መሆኑ ነው። ካህናቱም ሕዝቡም በየቀኑ የሚያዩት ነገር ስለሆነ፥ ታሪኩን በዚህ የኢዮቤልዩ መታሰቢያ መጽሐፍ ማስፈር ተገቢ መስሎ ታየን። ዓመታቱን የጻፍናቸው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

እንግሊዛዊው ሊቅ ይስሐቅ ኒውቶን የፀሐይን ብርሃን በባለ ሦስት ማዕዘን መስተዋት አሳልፎ ወደ ቀለማት ከፈለው፤ በ1704 ባሳተመው መጽሐፉም የማርያም መቀነትን ሁለት ጫፎች አጋጥሞ እንደ ቀለበት አዞራቸው። በሰማይ ላይ በሁለት ዳር ተራርቀው የሚታዩት ቀይና ሐምራዊ በእርሱ ክበብ ጎረቤት ሆኑ። ከእርሱም በኋላ የተነሡ ሊቃውንትና ሠዓሊዎች ክበቡን ለሥራቸው እንዲስማማ አድርገው አዘጋጁት። በሠዓሊዎች ክበብ ቀይ ከአረንጓዴ፥ ቢጫ ከሐምራዊ፥ ሰማያዊም ከብርቱካን መልክ ጋር ፊት ለፊት ይቆማሉ። እነዚህን ጥንዶች ተሟይ ቀለማት እንላቸዋለን፤ አረንጓዴ ከቢጫና ከሰማያዊ የተቀላቀለ ነውና፥ ቀይ ሲታከልበት ሦስቱ ሁሉ ይሟላሉ። የሚያስደንቀው ግን ጎን ለጎን ሲቆሙ የሚደማመቁት እነዚሁ ቀለማት በአንድ ዕቃ ውስጥ ቢበጠበጡ እርስ በርሳቸው ተጠፋፍተው አመድማ ወይም የቡና አተላ የመሰለ መልክ መስጠታቸው ነው።

የዚህን ነገር ምስጢር አጥርቶ የገለጸው ሠዓሊ አይደለም፤ የክር ነካሪዎች አለቃ ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ዩጂን ሼቭረል በ1824 በፓሪስ ከተማ፥ ሥዕል ያለበት መጋረጃ በሚሸመንበት በጎብላን የሥራ ቤት፥ የቀለም መንከሪያው ክፍል ሹም ሆነ። ወዲያውም ጥቁሩ ክር ደካማ ነው፥ ጥቁረቱ አይጠልቅም የሚል አቤቱታ ቀረበለት። እርሱም ክሩን ከሌላ አገር ከመጣ ጥቁር ክር ጋር አስተያይቶ ቢመረምረው ምንም ጉድለት አላገኘበትም። በመጨረሻ ግን ጉድለቱ ያለው በክሩ ሳይሆን በጎረቤቱ መሆኑን ተረዳ። ጥቁሩ የተሸመነው በሰማያዊና በሐምራዊ አጠገብ ስለነበረ፥ ዓይን የእነዚያን ተሟዮች፥ ማለት የብርቱካንና የቢጫ ጥላ እየጣለችበት ታደክመው ነበር። እንግዲህ ምስኪኑ ክር ያለ ጥፋቱ ተከሶ ኖሯል! ሼቭረል ይህን ሕግ በ1839 በትልቅ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1889 በ102 ዓመቱ እስኪሞት ድረስም ዝናው አልጠፋም።

የወላይታ ሸማኔ ጥቁር፥ ቀይና ቢጫ አሰልፎ ዱንጉዛን ሲሠራ የሼቭረልን መጽሐፍ አላነበበም። ነገር ግን በዚያው ሕግ መሠረት ቢጫው በአጠገቡ ያለውን ጥቁር ወደ ሰማያዊ ያደላ ያስመስለዋል፤ ስለዚህ የዱንጉዛ ጥቁር እንደ ጎብላኑ ጥቁር አይደክምም። ይህን ለመመርመር የሚወድ ሰው የቀይ ጨርቅ ቁራጭ በፀሐይ ብርሃን ዘርግቶ፥ ዓይኑን ሳያንቀላውስ እስከ ሠላሳ ቆጥሮ ይመልከተው፤ ከዚያም ዓይኑን ወደ ነጭ ነጠላ ቢመልስ አረንጓዴ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥላ ያያል። ያ ጥላ በነጠላው ላይ የለም፤ ያለው በዓይኑ ነው።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ስንመለስ፥ በ17ኛው መቶ ዓመት የነበሩት የጎንደር ሠዓሊዎች ደማቅ ቀለማትን ያለ ጥላ ይቀቡ ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት፥ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የተነሡት ግን የሥዕሉን መደብ ከቢጫ ወደ ቀይ፥ ወይም ወደ አረንጓዴ ቀስ በቀስ እያሸጋገሩ ሠሩ። እቴጌይቱ በጣና ባሕር ያሠሩት የናርጋ ሥላሴ ለዚህ ምስክር ነው። በእመቤታችን ሥዕል ቀዩን ቀሚስ ሰማያዊው መጎናጸፊያ ይሸፍነዋል፤ መደቡም ቢጫ በሆነ ጊዜ መጎናጸፊያው ወደ ፊት የሚመጣ ይመስላል። ጀርመናዊው ሄልምሆልትስ በ1852 እንዳሳየው፥ በብርሃን ዘንድ የቢጫ ተሟይ ሰማያዊ ነው፤ በዚህ ነገር የብርሃን መርማሪው ክበብ ከሠዓሊው ክበብ ይለያል። የእኛ ሠዓሊዎች ግን በዓይናቸው አውቀውት ነበር። ደግሞም በቀለምና በቀለም መካከል ጥቁር መስመር ያሰምራሉ፤ ሼቭረልም የሚጣሉ ቀለማትን በጥቁር ወይም በነጭ መለየት እንደሚበጅ መክሯል።

በዘመናችን ግን አሮጌውን ሥዕል እናድሳለን ሲሉ እያንዳንዱን ቀለም ለብቻው ከገበያ በተገዛ አንጸባራቂ ቀለም የሚያደምቁ አሉ። በአንድ ሥፍራ እንዲህ ያለ ሥራ አይተናል፤ ቀዩም አረንጓዴውም እኩል ጮኸው፥ ጥቁሩ መስመር ተሸፍኖ፥ የቅዱሱ ፊት በመካከላቸው ጠፍቶ ነበር። የተቀቡት ቀለማት አንድ በአንድ ቢታዩ ግን ጥሩዎች ነበሩ። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ለማስቀባት የሚመካከር ጉባኤ፥ ከሁሉ አስቀድሞ አሮጌው ሥዕል በሚያውቅ ሰው ሳይመረመር እንዳይነካ ያድርግ። ለአዲስ ሥራም ቢሆን ቀለማቱን ከሱቅ ደጃፍ አይምረጥ፤ በትንንሽ ሰሌዳ አስቀብቶ፥ ጎን ለጎን አቁሞ፥ በዚያው በቤተ መቅደሱ ጥላ ውስጥ በጧፍ ብርሃን ይያቸው። የጧፍ ብርሃን ቢጫ ስለሆነ ሰማያዊውን ያጠቁረዋል፤ በደጅ የማረከ ሰማያዊ በውስጥ ጥቁር መስሎ ሊገኝ ይችላልና።